የጃፓን ውስኪ ብዬ የገዛሁት ጠርሙስ

አጎቴ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ድረስ ሊጠይቁን ሲመጡ፣ የአምስት አገር ውስኪ ጎን ለጎን ላቀምሳቸው አሰብኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚያውቁት ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ ብቻ ነው።

አራቱን በአንድ ቀን ገዛሁ። ስኮቹ ቢያንስ 3 ዓመት እዚያው ስኮትላንድ፣ በኦክ እንጨት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው። የአየርላንዱ ካልበቀለ ገብስና ከብቅል አንድ ላይ የተሠራ ነው። የአሜሪካው ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ በርሜል ውስጥ ይገባል። ኬንታኪ በሚባለው ግዛት መሠራት ግን ግዴታው አይደለም። ካናዳዎቹ ደግሞ ራይ የሚባለው እህል ጥቂት ብቻ ያለበትንም «ራይ» ይሉታል።

ያቃጠለኝ አምስተኛው ነው፤ የጃፓኑ።

140 ዶላር ከፈልኩበት። የጃፓን ጽሑፍ አለው፤ ከፊቱ ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል። ሻጩ «ዕድሜው ነው» አለኝ። አመንኩት። ማታ ከፍቼ ለጋሼ እየቀዳሁ የጃፓን ውስኪ አባት የሚባለውን የታኬትሱሩን ታሪክ አጫወትኳቸው። በ1918 ስኮትላንድ ሄዶ ሙያውን እንዴት እንደተማረ፣ በ1923 ጃፓን ውስጥ ያማዛኪ በሚባል ቦታ የውስኪው ሥራ እንዴት እንደተጀመረ ነገርኳቸው። ጋሼ አሽትተው ቀመሱና «ይሄማ የኔው ስኮች ነው» አሉ። ተከራከርኳቸው።

በማግስቱ የጀርባውን ወረቀት አነበብኩ። «ጃፓን ውስጥ የታሸገ» ይላል። የት እንደተጣራ፣ ማለትም እንደ አረቄ ተፈልቶ የት እንደወጣ አይልም። ከቁጥሩ አጠገብ «ዓመት» የሚል ቃል የለም። አስመጪውን በኢሜይል ጠየቅኩ። የተጣራው ስኮትላንድ ነው ብለው መለሱልኝ። ሱቁ «ተከፍቷል፣ አንመልስም» አለ። እስካሁን ያናድደኛል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ጋሼን መከራከሬ ያሳፍረኛል።

የጃፓን መጠጥ አምራቾች ማኅበር «የጃፓን ውስኪ» ለሚባለው በ2021 ደንብ አውጥቷል። መጥመቁም ማጣራቱም ጃፓን ውስጥ ይሁን፣ በርሜል ውስጥ 3 ዓመት እዚያው ይቆይ ይላል። ደንቡ ግን የማኅበሩ እንጂ የመንግሥት ሕግ አይደለም፤ አባል ያልሆነን አያስገድድም። ስለዚህ «አሁን ደንብ አለ» ቢሏችሁ አትዘናጉ። ጠርሙሱን ገልብጡና የተጣራበትን ቦታ ፈልጉ። ካልተጻፈ መልሳችሁ አስቀምጡት። ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው «ሲንግል» የሚለው ቃልም የአንድ በርሜል ሳይሆን የአንድ ማጣሪያ ቤት ማለት ነው። የስሙን አጻጻፍ አይታችሁ አገሩን ታውቃላችሁ የሚሏችሁንም አትስሙ። ስኮትላንዶች በእንግሊዝኛ ያለ «ኢ» ፊደል (whisky)፣ አሜሪካኖች በ«ኢ» (whiskey) ይጽፋሉ ይባላል። ሜከርስ ማርክ የኬንታኪ ቦርቦን ነው፤ ያለ «ኢ» ነው የሚጻፈው።

ጋሼ ሊመለሱ ሲሉ ሌላ ጠርሙስ ገዛሁላቸው። ታኬትሱሩ በ1934 በጃፓኗ ሆካይዶ ደሴት ላይ ከመሠረተው ከዮይቺ ማጣሪያ ቤት የወጣ ነው። የጀርባውን ጽሑፍ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ሁለቴ አነበብኩት። በጋቢያቸው ጠቅልዬ ሻንጣቸው ውስጥ ከተትኩና ታሪኩን እንደገና ነገርኳቸው።