ያረጀው ቋንቋው ነው ወይስ ኮዱ?

ዛሬ ጠዋት ደሴ ፒያሳ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጡ አንድ ሐጂ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተሠራላቸው ድረ ገጽ ትናንት ማታ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ማሳየት ጀምሮ ነበርና። አንድ ባለሙያ «ፒኤችፒ የሞተ ቋንቋ ስለሆነ ሁሉም እንደ አዲስ ይሠራ» ስላላቸው፣ «ልጄ፣ እውነት ሞቷል?» ሲሉ በጭንቀት ጠየቁኝ።

አልሞተም። ራስመስ ሌርዶርፍ በ1995 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ይህ የድረ ገጽ መሥሪያ የፕሮግራም ቋንቋ ዛሬም ዊኪፔዲያንና ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ ማዘጋጃ የተሠሩ እጅግ ብዙ ድረ ገጾችን ያንቀሳቅሳል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወጣው 7ኛው እትምም ፍጥነቱን በእጅጉ አሻሽሎታል። የስህተት መዝገቡን ስከፍት ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየኝ፦ ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ወደ ፒኤችፒ 8ኛው እትም ተሻግሯል፣ ኮዱ ግን ከ7ኛው ጀምሮ የተወገደውን፣ ማይኤስኪውኤል ከተባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ጋር የሚያገናኘውን የድሮ ትዕዛዝ ይጠራል። ይባስ ብሎ ደንበኛ በመፈለጊያው ሳጥን የሚጽፈው ቃል ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ዳታቤዙ ይገባል፤ ይህ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ለሌባ የተከፈተ በር ነው፤ የጸሐፊው ጥፋት በቋንቋው ሲላከክ ከልብ ያሳዝነኛል።

ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ የድሮዎቹን ትዕዛዞች ፒዲኦ በተባለው የፒኤችፒ የዳታቤዝ መገናኛ ተካኋቸው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወራበት የቀጥታ መገናኛ ብሠራ ሌላ መሣሪያ እመርጥ ነበር፤ በርካሽ ሆስቲንግ (የድረ ገጽ ማስቀመጫ ኪራይ) ለሚሠራ የዕቃና የዋጋ ዝርዝር ግን አልለውጠውም። የሚስማሩና የቆርቆሮው ዋጋ ተመልሶ ሲመጣ ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አነበቡት፤ የሲሚንቶው ያለፈው ወር ዋጋ ስለነበር እሱን አስተካክለን ተለያየን።