ሥሩ ውኃ ውስጥ፣ ቅጠሉ በጥም

የቢሮ ተክሎችን እየዞርኩ መንከባከብ ሥራዬ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ካሉ ደንበኞቼ አንዱ መሥሪያ ቤት በበጋው መሀል ደወለልኝ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ነበሩ። "የእንግዳ መቀበያው የጎማ ዛፍ ቅጠሉ ተጠቅልሎ አለቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ ውኃ ስለማታጠጣው ነው። መጥተህ እየውና በጽሑፍ አስታውቀን፣ ማስጠንቀቂያ ልንጽፍላት ነው" አሉኝ።

ነገሩ ከበደኝ። ሴትየዋን አውቃቸዋለሁ፤ ከኔ እናት ዕድሜ ብዙም የማይርቁ፣ ገና ሳይነጋ ገብተው ሕንፃውን የሚያጸዱ ናቸው። ተክሉን ሳላይ ምንም አልጽፍም ብዬ ሄድኩ።

መግቢያው ላይ ያሉት የጎማ ዛፎች ሁለት ናቸው። አብረው ተገዝተው የመጡ፣ ያው አንድ ሰው የሚያጠጣቸው፣ ተመሳሳይ ብርሃን የሚያገኙ። የአንደኛው ቅጠል ተዘርግቶ ያብረቀርቃል። የሌላኛው ግን በቁመቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ግራና ቀኝ ጠርዙ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ከታች ያሉት ቅጠሎች ደግሞ ቢጫ ሆነዋል። እንዲህ ዓይነት ጎን ለጎን የቆመ ማነጻጸሪያ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፀሐይን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ በመስታወት የሚገባው ፀሐይ ያቃጥላል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የፀሐይ ቢሆን ኖሮ በመስታወቱ በኩል ያለው ቅጠል ይብስ ነበር፣ የተቃጠለ ቡናማ ምልክትም ይታይበት ነበር። ይኼኛው ዙሪያውን እኩል ነው የተጠቀለለው። ከዚያ ተባይ ፈለግሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ የቅጠሉን ጀርባ በደም ሥሩ ግራና ቀኝ አየሁ፤ ነጭ ወረቀት ከሥር ይዤ ቅጠሉን መታ መታ አደረግሁት። ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ቢኖርበት ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጠብጣቦች ይታዩ ነበር። ምንም የለም።

የቀረኝ አፈሩ ነው። ላዩ ደረቅ፣ ግራጫ፣ የተሰነጣጠቀ ነበር። ሴትየዋ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። "ልጄ፣ እኔ ጠዋት ጠዋት አጠጣዋለሁ፤ እግዜር ያውቃል። ደርቆ ሳየው እንዲያውም እጨምርለታለሁ" አሉኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ያ ደረቅ ሽፋን አፈር አልነበረም። በጣቴ ስፍቀው የቡና አተላ ነው። ቡና የምታፈላው ልጅ ማዳበሪያ ይሆናል ሲባል ሰምታ ጀበናውን እየመጣች ትገለብጥበት ኖሯል፤ አተላው ተጋግሮ ላዩን ቅርፊት ሠርቷል። ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰደው ጭቃ ነው።

የፕላስቲክ መትከያውን ከተቀመጠበት የሴራሚክ ማስቀመጫ ጎትቼ አወጣሁት። ሽታው ቀድሞ መጣ፣ የረግረግ ሽታ። ሴራሚኩ ታቹ ቀዳዳ የለውም፤ ውስጡ የጠቆረ ውኃ ቆሟል፣ የመትከያውም ግማሽ እዚያ ውስጥ ተዘፍቋል። ጤነኛው ዛፍ ግን ሰሐን ላይ ነው የተቀመጠው። ሰሐን ላይ ውኃ ሲጠራቀም ይታያል፣ ሴትየዋም ወለሉን ሲወለውሉ ይደፉታል። የሁለቱ ልዩነት ይኸው ነው።

ኃላፊዋን ጠርቼ አሳየኋቸው። ሥር እንደኛው ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ውኃ ሲሞላ ኦክስጅን ያጣል፣ ቀጫጭኖቹ ሥሮች ይሞታሉ፣ እርጥበት የሚወዱ እንደ ፒቲየም ያሉ የሥር አበስባሽ ተሕዋስያንም ይገቡበታል። የሞተ ሥር ውኃ አይስብም። ቅጠሉ ግን ውኃ ወደ አየር መልቀቁን አያቆምም፤ ስለዚህ የሚተንበትን ገጽ ለመቀነስ ይጠቀለላል። ከላይ ሲያዩት በውኃ ጥም ከተጎዳ ተክል አይለይም። ያየ ሁሉ ያጠጣዋል፣ በጠጣ ቁጥርም ይብሳል።

"ውኃ በዝቶ ከሆነማ አሁንም ጥፋቱ የእሷ ነው" አሉኝ። አይደለም አልኳቸው። ቀዳዳ የሌለውን ማስቀመጫ ለውበቱ ብሎ የገዛው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሴትየዋ የታዘዙትን ሳያጓድሉ ሠርተዋል፣ ታች የቆመውንም ውኃ ከላይ ሆኖ ማንም ሊያየው አይችልም። ሪፖርቴን እዚያው ቁጭ ብዬ እንደዚሁ ጻፍኩት። ኃላፊዋ አንብበው ዝም አሉ። ማስጠንቀቂያው ሳይጻፍ ቀረ።

ዛፉን በጓሮ በኩል አወጣነውና አፈሩን በውኃ ቧንቧ አጠብኩለት። አፈሩ ዋልካ ነበር፤ ዋልካ ለጤፍ እርሻ የተመሰገነ ቢሆንም ለመትከያ አይሆንም፣ ውኃ ይዞ አይለቅም። የበሰበሰውን ሥር በጣቴ ስይዘው ልጡ እየተላቀቀ በእጄ ይቀራል፣ ቀጭን ክር ብቻ ይተርፋል። ጤነኛው ገርጣ ያለና ጠንካራ ነው። መቀሱን በአልኮል ጠርጌ ጤነኛው እስኪገኝ ድረስ ቆረጥኩ። የጎማ ዛፍ ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ቆዳ ያሳክካል፣ ስለዚህ ጓንት ያስፈልጋል። የተረፈው ሥር ጥቂት ስለሆነ ትልቅ መትከያ አልሰጠሁትም፤ ብዙ አፈር ብዙ ውኃ ይይዛል፣ ያን ሁሉ የሚጠጣ ሥር ደግሞ የለውም። ታቹ የተበሳሳ ትንሽ መትከያ ወስጄ ሁለት እጅ የደን አፈር፣ አንድ እጅ ብናኙ የተነፋ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ አንድ እጅ ኮምፖስት ቀላቅዬ ተከልኩት። ሬድ አሽ ከግንባታ ቦታ በቀላሉ ይገኛል፣ ውስጡም ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሆነ አፈሩን አየር ያስገባለታል።

የጥበቃው ሠራተኛ በቅንነት ዩሪያ ይዞ መጣ። ከገበሬ ቤት ነው የወጣው፣ ለተዳከመ ሰብል ዩሪያ መጨመርን ሲያይ አድጓል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ያን ለቆሰለ ሥር መስጠት ማቃጠል ነው። አመስግኜ፣ አዲስ ቅጠል እስኪወጣ ምንም ማዳበሪያ እንዳይነካው ለመንኩት።

ለሴትየዋ ያሳየኋቸው ሁለት ነገር ነው። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ መክተት፣ እዚያ ድረስ ሲደርቅ ብቻ በታች እስኪፈስ አጠጥቶ የፈሰሰውን መድፋት። ሁለተኛው መትከያውን ብድግ አድርጎ ክብደቱን መልመድ፤ የጠገበና የደረቀ መትከያ በእጅ ይለያል። ሁለቱንም ከኔ ፈጥነው ለመዱት። የቡናው አተላ ግቢው ጥግ ወዳለው የኮምፖስት ጉድጓድ እንዲሄድ ከቡናዋ ልጅ ጋር የተስማሙትም እሳቸው ናቸው።

ከሳምንታት በኋላ ጫፉ ላይ ያለው ቀይ ሽፋን ተከፍቶ የተዘረጋ አዲስ ቅጠል ወጣ። ከአሮጌዎቹ ከፊሎቹ ተከፈቱ፣ ከፊሎቹ እንደተጠቀለሉ ቀሩ። ኃላፊዋ እንግዳ ያያቸዋልና ይቆረጡ አሉ። አረንጓዴ እስከሆኑ ድረስ ምግብ ያዘጋጁለታል፣ ሥሩ እስኪሞላ አልቆርጥም ብዬ አስተውኳቸው። ከዚያ ከሴትየዋ ጋር ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥተን ቀዳዳ የሌላቸውን ማስቀመጫዎች አንድ በአንድ ከሥራቸው አየን። ብዙዎቹ ውስጥ ውኃ ቆሟል፤ ቅጠላቸው ገና አልተጠቀለለም ነበርና በጊዜ ደረስንላቸው።