ከምግብ ቧንቧ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ

የአጎቴ የምግብ መውረጃ ቧንቧ ተቆርጦ ጨጓራው ወደ ደረቱ ተስቦ በተቀጠለለት ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ «ተነቅሎ ወጣለት» ብሎ እፎይ አለ፤ በ14ኛው ወር ግን ካንሰሩ ጉበቱ ላይ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ አንብቤአለሁ። ቧንቧው አንጀት እንዳለው ያለ የሚጠብቀው የውጭ ሽፋን በአብዛኛው ክፍሉ ስለሌለው፣ የሊምፍ (ከሕዋሳት መካከል የሚሰበሰብ ፈሳሽ) መስመሮቹም ከውስጠኛው ሽፋን ሥር ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚዘረጉ፣ ሕመምተኛው ምግብ አልወርድ ብሎት ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የካንሰሩ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ ቢላዋ ወደማይደርስበት ቦታ ተሻግረዋል። ካንሰሩ በአብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ሲሆን በንፍፊቶች፣ በጉበት፣ በሳንባ ወይም በአጥንት ይታያል።

የሞት ምክንያት ግን ሁልጊዜ የካንሰሩ መመለስ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስፌቱ መፍሰስና የሳንባ ምች፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ የልብ ሕመም ወይም ትንባሆና አልኮል በጎዱት አካል ላይ የሚነሣ ሌላ ካንሰር ሕይወት ይቀጥፋሉ።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የኔዘርላንድስ ሐኪሞች ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞቴራፒና ጨረር በአንድነት መስጠት ዕድሜን እንደሚያራዝም አሳይቷል። አጎቴ ይህ በሽታ ከሚበዛበት ከአርሲ መጥቶ የጨረር ወረፋ ሲጠብቅ ወራት አለፉ፤ በመጨረሻም ያለ ጨረር ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።