አባል «ማኅደሬን አሳዩኝ» ሲል እንዴት እንደማስተናግድ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተት ካለው የማስታረም መብቱ በሕግ ተጽፎለታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በምሠራበት የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላት ማኅደር የሚያዘው በእኔ ስለሆነ፣ ጥያቄዎቹም የሚመጡት ወደ እኔ ነው። ዋናው ድካም ፍለጋው ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት የአባል መረጃ የት የት እንደሚገኝ በአንድ ገጽ ዘረዘርኩ፦ የወረቀት ማኅደር፣ የቁጠባ ሌጀር፣ ኤክሴል፣ የብድር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ የሠራተኞች ቴሌግራም። ቴሌግራሙ ቶሎ ይዘነጋል። አንድ ሠራተኛ የአባል መታወቂያ ፎቶ አንስቶ ለባልደረባው ከላከ ምስሉ ሁለቱም ስልክ ላይ ይቀራል፤ አባሉ «ምን ይዛችኋል?» ሲል እሱም ይቆጠራል። ይህ ገጽ ከሌለ በየጥያቄው ቢሮውን ሁሉ መበርበር ነው።

ጥያቄ በጽሑፍ ካልሆነ አልቀበልም አልልም። ከገጠር ለገበያ የመጡ ብዙ አባላት መጻፍ አይችሉም፤ ቅጹን እኔ እሞላለሁ፣ አነብላቸዋለሁ፣ በአውራ ጣት አሻራ ያጸኑታል። ጥያቄውንም ማጥራት ያስፈልጋል።

«አባቴ፣ የትኛውን ወረቀት ነው ማየት የፈለጉት?»

«ስፈርም የነበረውን ሁሉ፤ ወለዱ እንዴት እንደተሰላ አልገባኝም።»

እንዲህ ሲሉ የሚፈልጉት የብድር ውሉንና የክፍያ ሠንጠረዡን ነው። ሁሉንም የማግኘት መብታቸው እንዳለ ሆኖ በእነዚህ ሁለቱ እጀምራለሁ።

ማንነት ማረጋገጥ ላይ ቸልታ አያስፈልግም። መታወቂያ ወይም ፋይዳ አያለሁ፤ ፎቶ ኮፒ ግን አላስቀርም፤ መዝገቡ ላይ «ታይቷል» ብዬ የማየት ቀኑን እጽፋለሁ። አለዚያ መረጃ ለማሳየት ስንል ሌላ መረጃ እናከማቻለን። በስልክ ከተጠየቅሁ፣ የደወለበትን ትቼ ማኅደሩ ላይ ወዳለው ቁጥር መልሼ እደውላለሁ። ባልም ሚስትም ስለ ሌላው ሲጠይቁ የተመዘገበ ውክልና፣ ለሟች ደግሞ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እጠይቃለሁ። «ቤተሰብ ነኝ» በሚል ብቻ አንድ ገጽ አይወጣም፤ የፍቺ ክርክር ላይ ያሉ ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ቁጠባ ለማወቅ የሚመጡበት አንዱ መንገድ ይኸው ነውና።

አሁን ወደ ፍለጋው። አንድ አባል ሦስት ቦታ በሦስት አጻጻፍ ሊገኝ ይችላል፦ ኃይለማርያም፣ ሀይለ ማርያም፣ ኃ/ማርያም። ለኤክሴል ሀ፣ ሐ፣ ኀ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ፈጣኑ ዘዴ በሚያሻማው ፊደል ቦታ የጥያቄ ምልክት ማስገባት ነው፤ «?ይለ» ብሎ የፈለገ ኃይለንም ሀይለንም ሐይለንም ያገኛል። ዘላቂው መፍትሔ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ከፍቶ ሐና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው መቀየር፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማምጣት (አለዚያ ኃይለ «ሃይለ» ሆኖ ከ«ሀይለ» ጋር አይገጥምም)፣ በስሞቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ማጥፋት፣ «ኃ/»ና «ገ/»ን መዘርዘር ነው። ዋናውን ስም ግን አልነካም። በድሮ ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ውስጥ ያለው በላቲን ኮድ ስለሆነ በዚህ ዘዴ አይገኝም፤ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዞር ያሻል። ስሙ ከተገኘ በኋላም የአያት ስምና ቀበሌ እስኪመሳሰል ድረስ አላምንም፤ እዚህ አገር በስም እስከ አያት የሚገጣጠሙ ሰዎች አሉ። የልደት ዓመት በ7 ወይም በ8 ቢለያይ አንዱ በአውሮፓ አቆጣጠር ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል።

የብድር ማኅደር ውስጥ የዋሱ ወረቀትም አለ። የዋሱ ደመወዝ፣ ስልክና ፎቶ የዋሱ ነውና ይሸፈናል። ኮፒ አነሳለሁ፣ ኮፒው ላይ ያለውን የዋሱን መረጃ በጥቁር ማርከር አጠፋለሁ፣ ከዚያ ኮፒውን እንደገና ኮፒ አደርጋለሁ፤ የምሰጠው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው ወደ ብርሃን ሲያዙት ከቀለሙ ሥር ያለው ቁጥር ይነበባል። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሣጥን መደርደር ብቻውን አይበቃም፤ ጽሑፉ ከሥሩ ስላለ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ላይ መለጠፍ ይቻላል። አትሜ መልሼ ስካን አደርገዋለሁ። በአንጻሩ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ያሉ የአዋሳኝ ስሞችን አልሸፍንም፤ አባሉ ራሱ ያመጣውን ሰነድ ከእሱ መደበቅ ማንንም አይጠብቅም።

የሠራተኛ ማስታወሻ እንደ «በሰዓቱ አይከፍልም» ያለውን አልደብቅም፤ ስለ አባሉ የተጻፈ ነውና የእሱ መረጃ ነው። ይህን አጥብቄ እይዛለሁ። አንዳንድ ባልደረቦች ይህን የቢሮ ምስጢር ይሉታል፤ ግን በዚያ ማስታወሻ ብድር ከተከለከለ፣ ያንን ሳያይ እንዴት ይከራከራል?

መልሱን ሲወስድ የተሰጠውን፣ ያልተሰጠውን ከነምክንያቱ፣ ቀኑንና ፊርማውን በመዝገብ አሰፍራለሁ። ማንበብ ለማይችል ገጽ በገጽ አነባለሁ፤ ምስክር ከፈለገም የመረጠው ሰው ይቀመጣል። ስሕተት ከተገኘ የወረቀቱን ጽሑፍ አልፍቅም፤ በአንድ መስመር ሰርዤ ትክክሉን ከላይ እጽፋለሁ፣ ቀን አኑሬ እፈርማለሁ፤ ኤክሴሉንና ፍላሽ ላይ ያለውን ቅጂ በዚያው ቀን አስተካክላለሁ። አለዚያ የድሮው ፋይል ሲጫን የተሰረዘው ስሕተት ተመልሶ ይመጣል።