በገናዬን ከግድግዳ ላወረደልኝ አምላክ ምስጋና ይግባው

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወንድሞቼ እህቶቼ። ስለት አለብኝ፣ ከሰማሽኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ነበር፣ ዘግይቻለሁ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ።

በገና የተማርነው እኔና አብሮ አደጌ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረን ነው። እሱ ጆሮው የተለየ ነበር። መቼም በገና የሚደረድር ያውቀዋል፣ አሥሩም አውታር የበግ አንጀት ነው፣ በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት እንጨት በበርኩማው መሃል ደግሞ እንዚራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ አለች፣ እሷ ትንሽ ከቦታዋ ከተንሸራተተች ያ የሚነዝረው ድምፅ ይጠፋል። እኔ አንዷን ለማስተካከል ስንት ሰዓት ስታገል እሱ ጆሮውን አስጠግቶ በጥፍሩ ገፋ ያደርጋትና "አሁን ንቧ ገባች" ይለኛል። ንብ ነበር የሚላት።

መጋቢት 2013 በዐቢይ ጾም ኮሮና ወሰደው። ገብቼ እንኳን አላየሁትም፣ የተሰናበትነው በስልክ ነው፣ እሱም በሳል እየተቋረጠ። ከዛ በኋላ በገናዬን በነጠላ ጠቅልዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አንዴ ላውርደው ብዬ ገና አውታሩን ስነካው እጄ ተንቀጠቀጠ፣ መልሼ ሰቀልኩት። ጾም በመጣ ቁጥር ና ደርድርልን ሲሉኝ ጣቴን አሞኛል እያልኩ እዋሻለሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ለጸሎት ስቆም አንደበቴ ይያዛል፣ እንዲህ ሆኜ ሁለት ዓመት ልደፍን ትንሽ ቀረኝ።

የካቲት 16 ቀን 2015 ሐሙስ ነበር፣ ጾሙ በገባ በአራተኛው ቀን፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ዛፍ ስር ቆሜ አለቀስኩና "እመቤቴ ወይ አስረሺኝ ወይ እሱን እያሰብኩ እንድዘምር አድርጊኝ" አልኳት። ሌላ ቃል አልወጣኝም።

የዛኑ ቀን ማታ እናቱ ደወሉልኝ። ከአርባው በኋላ አፍሬ ቤታቸው ሄጄ አላውቅም። "ልጄ የሱ በገና አቧራ ጠጣ፣ መጥተህ ቃኝልኝ፣ ጾም ነው ድምፁን ልስማው" አሉኝ። ስልኩን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ ሄድኩ። አውታሮቹ ላልተዋል፣ አውታር ሲላላ እንዚራ መንሸራተቷ አይቀርም፣ እነዚህ ግን አንዳቸውም አልተነቃነቁም፣ እሱ እንዳስቀመጣቸው ናቸው። አንድ በአንድ እያጠበቅኩ ስነካቸው ንቦቹ አሉ!! እጄም አልተንቀጠቀጠም። ከልምምድ ስንመለስ በአፉ የሚያንጎራጉራት ግጥም የሌላት አጭር ዜማ ነበረችው፣ እሷ መጣች፣ ግጥሙም እዛው ተከትሏት መጣ፣ የመጀመሪያው ቃል "ወዳጄ የት ነህ" አልነበረም፣ "ይመስገን" ነበር፣ እኔ አይደለሁም ያመጣሁት። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ፣ ስጨርስ ደሞ "ድገመው" አሉኝ፣ ደገምኩት፣ ሦስት ጊዜ።

የዛን ሌሊት ተኛሁ፣ እስኪነጋ ድረስ። የኔንም በገና ከግድግዳ አወረድኩት፣ የሱም በገና አሁን እኔ ጋ ነው፣ "ይዘኸው ሂድ፣ በየጾሙ እያመጣህ አሰማኝ" ብለው ነው የሰጡኝ።