የአጥቢያችንን መተዳደሪያ ደንብ ስናረቅቅ የተማርኩት

በአሜሪካ በሚገኝ አንድ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል፣ ከሁሉ የከበደኝ ሥራ አዲሱን መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅቀውን ኮሚቴ ማስተባበር ነበር። አስቸጋሪው ነገር ካህናትንም ምእመናንንም ሳናስቀይም ማን በምን ጉዳይ እንደሚወስን በጽሑፍ ማስፈር ነው።

መነሻችን ቃለ ዓዋዲ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያናችን የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ፣ ነበር። በ1965 ዓ.ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመነ ፕትርክና ወጥቶ በየጊዜው የተሻሻለው ይህ ደንብ፣ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚወከሉበትን ሰበካ ጉባኤ አቋቁሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ሰብሳቢ፣ ከምእመናን አንዱን ምክትል ሰብሳቢ ያደርጋል። አሜሪካ ውስጥ ግን አጥቢያው በግዛቱ ሕግ መሠረት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ስለሚመዘገብ፣ ሕንፃው የሚገዛውም የባንክ ብድሩ የሚፈረመውም በድርጅቱ ስም፣ በቦርዱ ፊርማ ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪው በቀኖና የበላይ ሆነው ሳለ በወረቀት የቦርዱ ተቀጣሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እንደ እኔ አመለካከት በውጭ አገር የምንሰማው ጠብ በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ነው። ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በቆየባቸው ዓመታት፣ እስከ 2010 ዓ.ም. ዕርቅ ድረስ፣ ብዙ አጥቢያዎች «ገለልተኛ» ተብለው በቦርድ ብቻ መተዳደራቸውም ልማዱን አጠናክሮታል።

በኮሚቴው ውስጥ የነበረ የሕግ ባለሙያ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በጆንስና በዎልፍ ክርክር፣ ዳኞች ወደ ሃይማኖቱ ትምህርት ሳይገቡ የንብረት ሰነዱንና ደንቡን አይተው በቤተ ክርስቲያን ንብረት ላይ መፍረድ እንደሚችሉ መወሰኑን አስረዳን። ከዚያ በኋላ «እኛ ወንድማማቾች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል» የሚል ሰው አልነበረም።

አባቶች በበኩላቸው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን አነሡ፤ ሐዋርያት ለጸሎትና ለቃሉ እንዲተጉ ሰባቱ ዲያቆናት ለማዕድ አገልግሎት የተመረጡበትን ማለት ነው። ቅዳሴው፣ ትምህርቱና ንስሐው ለአስተዳዳሪውና ለሊቀ ጳጳሱ፣ በጀቱና ጥገናው ለሰበካ ጉባኤው፣ ሕንፃ መግዛትና መሸጥ ለጠቅላላ ጉባኤው መሆኑ ያለ ብዙ ክርክር አለፈ። ያከራከረን መሐል ላይ ያለው ነው። ካህን የሚቀጥረው ማን ነው? የሚያሰናብተውስ? ከብዙ ውይይት በኋላ፣ ደመወዙን ሰበካ ጉባኤው እንዲመድብ፣ የካህኑን ሙያና ክህነት አስተዳዳሪው እንዲመረምሩ፣ ሊቀ ጳጳሱ ሳያውቁት ግን ማንም እንዳይሰናበት ተስማማን። ለጉባኤ የሚጋበዘውን መምህር በተመለከተም ዐውደ ምሕረቱ (የስብከቱ መድረክ) የአስተዳዳሪው፣ የአውሮፕላን ትኬቱ የሰበካ ጉባኤው ሆነ፤ አንዱ ያለ ሌላው መጋበዝ አይችልም።

መተማመንን ይበልጥ ያጠነከረው ግን የገንዘብ ቆጠራው ሥርዓት ይመስለኛል። ሙዳየ ምጽዋቱ ሁለት ቁልፍ እንዲኖረው አድርገን አንዱን ለካህን፣ ሌላውን ለገንዘብ ያዡ ሰጠን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ ሁለቱና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት አብረው ይቀመጣሉ፤ የጧፍ ሰም የተጣበቀበት ዶላር ይላቀቃል፣ በወረቀት የተጠቀለለው ስእለት ለብቻው ይመዘገባል፣ ቅጹ ላይ ሦስቱም ሳይፈርሙ ገንዘቡ ወደ ባንክ አይሄድም። በፊት በየሻይ ሰዓቱ የነበረው ሹክሹክታ ከዚህ ወዲህ ቀነሰ።

ከአንድ አንቀጽ በላይ የሚገባው ነገር የመራጭነት ጉዳይ ነበር። ወርኃዊ አስተዋፅኦ የከፈለ ይመርጣል ስንል፣ በቤተሰብ ካርድ ላይ የሚጻፈው የባል ስም ብቻ በመሆኑ በየበዓሉ ሌሊቱን በወጥ ቤት የሚያነጉ እናቶቻችን ድምፅ አልነበራቸውም። ይህን ያነሡት ራሳቸው እናቶች ናቸው፤ እኛ ኮሚቴዎች አላየነውም ነበር ብል አያሳፍረኝም፣ ማንም ስላላየው። በረቂቁ ላይ ባልም ሚስትም በየራሳቸው ስም እንዲመዘገቡ ተጨመረ፤ በቀጣዩ ምርጫም ከእነዚያ እናቶች አንዷ ሒሳብ ሹም ሆነው ተመረጡ።