ለገሃር የሚወርድ አለ?

ዛሬ ማንም ምንም ሳይለኝ ከፍቶኝ ዋለ። ዝናቡ ይሁን ድካሙ እንጃ። ማታ ታክሲ ውስጥ ጥጌን ይዤ መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ ሳይ ረዳቱ «ለገሃር የሚወርድ አለ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም። ታክሲው አለፈ፣ ቃሉ ግን እኔ ጋ ቀረ።

ለገሃር እኮ ሌላ ምንም አይደለም። የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት ብቻ። ባቡሩ ከጅቡቲ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያው ህንጻ የተሰራው ደግሞ በ1929። ያ ባቡር እዚያ መድረስ ካቆመ ስንት ዓመቱ! ሰው ግን አሁንም ጣቢያ ብሎ ይወርዳል።

ከዚያ ድሬ ትዝ አለችኝ። አንድ ልጅ አብሮኝ የሄደ ጊዜ፣ «ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣነው አሮጌ ብረት ልናይ ነው?» ያለኝ ቀን። አዎ፣ ለሱ ነበር የሄድነው፣ ዛሬም ብሆን እሄዳለሁ። ድሬዳዋን የወለዳት ሀዲዱ ነው። መስመሩ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው፣ ግን ያን ተራራ ማስወጣቱ ከባድ ሆነ፣ ወጪውም አልተቻለም፣ እናም እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ሲቆም ከተማዋ እዚያው በቀለች። በደቻቱ ወንዝ ወዲህ የከዚራ ሰፈር፣ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶቿና ጥላ የሚጥሉ ዛፎቿ። ወዲያ ማዶ የመጋላ ሰፈር፣ እንደ ልቧ የሚጠማዘዝ መንገድ። ደቻቱን ተሻግሮ የሁለቱን ልዩነት በእግሩ ያየ ሰው ከተማ እንዴት እንደሚሰራ ይገባዋል።

የባቡሩን ወርክሾፕ ያሳዩን ሰውዬ በእድሜ የገፉ ናቸው። ጋሼ እያልን ተከተልናቸው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን፣ ቶርኖው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን እንደ በሬ ጀርባ ጫን አደረጉበትና «አቦ፣ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? እዚሁ ነበር የምንሰራው» አሉን። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ሀዲዱም ሰፊ ነው፣ 1.435 ሜትር። የድሮው ልክ 1 ሜትር ነበር። አንዱ የሌላው ላይ አይሄድም። ስለዚህ እነዚያ ማሽኖች የሚጠግኑት ነገር ብዙም የለም፣ እና ይሄ ያሳዝነኛል።

ግን ታክሲው ውስጥ የያዘኝ ሀሳብ ሌላ ነው። ህንጻውን እንጠብቅ፣ ማሽኑን እንጠብቅ እንላለን። ልክ ነው፣ መጠበቅ አለበት። ቃሉንስ? ሀዲድ በዓረብኛ ብረት ነው። ፉርጎ ፈረንሳይኛው ውስጥ ዘመድ አለው። ቶርኖና ብረት ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳ ከጣሊያን ናቸው። ባቡር ራሱ መነሻው እንፋሎት የሚል የአውሮፓ ቃል ነው፣ በዓረብኛ በኩል ዞሮ ነው የደረሰን። ስንት አገር የተሻገረ ሰውና እቃ በአፋችን ላይ አለ። እነዚህ እንኳ ወደ ገበያውም ወደ ቤቱም ስለገቡ ተረፉ። ከወርክሾፑ በር ሳይወጡ የቀሩትን ማን ያውቃቸዋል?

ጋሼ መጨረሻ ላይ ከግድግዳው አንድ እቃ አውርደው አሳይተውን ነበር። እጀታው ረጅም፣ ጫፉ እንደ መንጋጋ የተከፈተ ብረት። ስሙን በፈረንሳይኛ ነገሩን፣ ልጃቸውን እንደሚጠሩ አድርገው፣ በፍቅር። ሁለቴ አስደገምኳቸው። እኔም ጮክ ብዬ አልኩት፣ ሳቁና «ተባረክ» አሉኝ። አልጻፍኩትም። ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ስንገባ ጠፍቶኛል።

አሁን ቤት ገብቼ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ተቀምጬ እሱን እየፈለግኩ ነው። በ«ሻ» ነበር የሚጀምረው ወይስ በ«ሳ»?